ከማንኪራው ዛፍ ላይ የተቀዳው ድምፅ

ይድረስ ለእጮኛዬ፦

አዲስ አበባ ከገባህ ወዲህ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሳል ተወህ? ቦንጋ ዝናቡ ገና አላባራም። እናቴ ደህና ናት፤ ስትጸልይ ያንተንም ስም ታነሳለች። እኔም ደህና ነኝ።

የሠራኸው፣ በመነጽር የሚታየው የቪአር ፊልም ተወዷል። በየትምህርት ቤቱና በየገበያው እየዞርኩ መነጽሩን ለሰው የማደርግለት እኔ ነኝ። ንቧ ብናኝ ይዛ ከአንዱ የቡና አበባ ወደ ሌላው ስትሄድ ሲያዩ፣ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ እጃቸውን ዘርግተው ሊይዟት ይሞክራሉ። በቅርቡ ደግሞ ትረካው በአገሬው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ይሁን ተባለና ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። ድምፄን ለማስገባት ያንተን ትረካና ሙዚቃውን ማውጣት ነበረብኝ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ትተኸው የሄድከውን፣ ያልተቆረጠውን ቅጂ ከፈትኩት።

ወንድሜ ኢያሱ ዙሪያውን የሚቀርጸውን ካሜራህን ራሱ ላይ አስሮ፣ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎው ወዳለበት ዛፍ ሲወጣ የተቀዳው ነው። ሲወድቅ አጠገቡ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ሆስፒታሉ በር ላይ እያለቀስክ "ገመዱን እሰር ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ" አልከን። አመንንህ። እናቴ አልጋው ላይ እንዳለ ገላውን ባጠበችው ቁጥር "ምነው ልጄ፣ ብትሰማው ምን ነበረበት?" ትለዋለች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ቅጂው ላይ ግን ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማል። "ኢያሱ፣ ገመዱ ምስሉ ውስጥ እየገባ ነው፤ ፍታው" ትለዋለህ። እሱም "ጋሼ፣ ቅርንጫፉ እኮ ርጥብ ነው" ይልሃል። ትስቃለህ። "የማንኪራ ልጅ አይደለህም እንዴ?"

ካሜራው ከራሱ ላይ ተፈናጥሮ ሲወድቅም መቅረጹን አላቆመም። ፊትህ ቀርቦ ታየኝ። መስታወቱን በሸሚዝህ ትወለውላለህ። ኢያሱ ከኋላህ ይጮኻል። አንተ መስታወቱን ደግመህ ትወለውላለህ።

ያን ዕለት ቤት ገብቼ ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። የማይንቀሳቀሱ እግሮቹን በጋቢው ሸፈናቸው።

"ሽማግሌ ልኮብሽ ነበራ" አለኝ። "ደስ ብሎሽ ነበር።"



ሐሙስ ዋጫ ከተማ ላይ ፊልሙ ይታያል። የዞኑ ኃላፊዎች ይመጣሉ፤ የቀድሞ ባልደረቦችህም ይኖራሉ። የማሳየው ያልተቆረጠውን ነው፤ ድምፁን ከትልቁ ስፒከር ጋር አገናኘዋለሁ። መነጽሩን መጀመሪያ የማደርገው ለእናቴ ነው። ኢያሱ "እባክሽ፣ እሷን ተያት" ብሎ አለቀሰብኝ። አልሰማሁትም። እሷም ስትወቅሰው የእሱን ቃል ሰምታ አልነበረም።

እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜና የማይዝል እግር ይስጥህ።

የኢያሱ እህት