የጭራሮ ግራ ጆሮ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ልምምድ እንደወትሮው። ጭራሮ ዛሬም ግማሽ ምት ዘግይታ ገባች። (ጭራሮ ያሏት የባንዱ ልጆች ናቸው፤ ቅጥነቷን አይተው። እኔም ለምጄዋለሁ።) እዚህ ትምህርት ቤት ሳስተምር እንደሷ ትራምፔት የሚያናግር ተማሪ አልገጠመኝም... ታዲያ ምን ነካት? ሦስቴ አስቆምኩ። በሦስተኛው ጮህኩባት። ቀና ብላ ፈገግ አለች። ንቀት መሰለኝ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ሌሎቹ ሲወጡ አስቀረኋት። ኖታዋን ስትሰበስብ በግራዋ በኩል ቆሜ ቤት ትለማመድ እንደሆነ ጠየቅኳት። ዝም። ደገምኩት። ዝም። ዞሬ በቀኟ ስናገር ደንግጣ ቀና አለች።

ወንበር ስቤ በቀኟ በኩል ተቀመጥኩ።

ቀስ በቀስ ነገረችኝ። ክረምት ላይ ግራ ጆሮዋ መግል ያዘ፣ ከዚያ ተዘጋ። አሁን ቀኙም ከልምምድ በኋላ እንደ ትንኝ ሲጮህባት ያመሻል።

«ለማንም እንዳይናገሩ። ለእማዬ እንኳን። ከባንዱ ያስወጡኛል።»

እሺ አልኳት። ለምን እሺ አልኩ?

የካቲት 7፣ ዓርብ

ከበሮ መቺው፣ ነጎድጓድ የምንለው፣ ከኋላዋ ነው የሚቀመጠው። በስተቀኟ። እዚያ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ...

የካቲት 10፣ ሰኞ

ልምምድ ሰረዝኩ። ለርዕሰ መምህሩ ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። ፈሪ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው በር ላይ ሁለቴ ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ። ስነግራቸው እግራቸው ፔዳሉ ላይ ቀረ።

«ስጠራት ዝም ስትለኝ... ዕድሜዋ ነው ብዬ ስቆጣት ነው የከረምኩት» አሉ።

ሐሙስ ሐኪም ዘንድ ልንወስዳት ተስማማን።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድን፣ ሦስታችንም። የግራ ጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። ቀኙ ገና ይተርፋል፣ ከጩኸት ከራቀች። «እንዲህ ሌላ ወር ብትቆይ...» አለ ሐኪሙ። አልጨረሰውም።

በሩ ላይ ጭራሮ ዞር አለችብኝ። «አምኜዎት ነበር።»



መጋቢት 19

ቀዶ ጥገናው ዛሬ ነው። ክፍል ውስጥ ያስተማርኩትን አላውቅም። እናቷ ሰባት ሰዓት ላይ ደወሉ። ነቅታለች። ስለ እኔ ጠየቀች ወይ አልኳቸው። «አሁን ትረፍ» ብለው ዘጉ።

ግንቦት 28

መጣች። ከእናቷ ጋር። ሐኪሙ ብቻዋን፣ በቀስታ፣ በቀን ሃያ ደቂቃ እንድትነፋ ፈቅዶላታል። ወደ ባንዱ እንደምትመለስ ግን ማንም ቃል አልገባም።

«ይቅር አልሽኝ?» አልኳት።

«ገና» አለች። ወንበር ስባ ግን ተቀመጠች።

ነፋች። ድምፁ ሻክሯል፣ ትንፋሿም አጥሯል። እኔ ሰዓቴ ላይ አፍጥጫለሁ። የሚያማት መስሎኝ ፊቷን ሰርቄ አያለሁ... ሃያው ሲሞላ በቃ አልኩ።

ነገም ልምጣ ወይ አለችኝ። አፌ እሺ ሊል ነበር። መጀመሪያ ግን ዞር ብዬ እናቷን አየሁ።