አንዴ ብቻ ይርገጡት ላሉኝ ኢንጂነር

ለክቡር ኢንጂነር ኡባልዶ ፌራንቲኒ
በሮካልቬሎ ማዘጋጃ ቤት የትራፊክና የንጹሕ አየር ጉዳይ ኃላፊ

ክቡርነትዎ እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎንስ ተሻለዎት? ከዝቅተኛ መቀመጫ መነሣት ለማንም ቀላል አይደለምና፣ በሁለት ሰው ድጋፍ ከመኪናዬ ከወጡበት ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ስለ ጤናዎ ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። ይህን ደብዳቤ በአደባባዩ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ የደፈርኩት፣ ሪፖርትዎ እዚያ ብቻውን ተለጥፎ ስላየሁት ነው። ጎረቤት ቢያገኝ አይጠላም ብዬ።

ሪፖርቱን ላላነበቡ የከተማችን ሰዎች ባጭሩ ልንገራቸው። ጡረታ የወጣሁት የጂኦግራፊ መምህር ፋውስቶ ማርኬዛኒ፣ የወንድሜን አሮጌ ባለ ቱርቦ የስፖርት መኪና ከከተማችን ግንብ ውስጥ ለማቆየት የምችለው በመቶ ኪሎ ሜትር ከአሥራ ሁለት ሊትር በላይ ቤንዚን እንደማትጠጣ በፈተና ሲረጋገጥ ብቻ ነበር። ሃያ አንድ ጠጣች ተባለ። ስለዚህ በኅዳር መጀመሪያ የሚውለው የቅዱስ ማርቲኖ ቀን ሳይደርስ ከጋራዧ ወጥታ፣ ከዚያ ወዲያ ከግንቡ ውጭ ታች ሜዳው ላይ ትቁም። ሪፖርቱ የሚለው ይኸው ነው። የማይለው፣ እናቴ ሲኞራ አርጂያ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ መሆኑን፣ እሷ ባለችበት ላይኛው ሰፈርና በሜዳው መካከል ያለውን ደረጃ ጉልበቷ እንደማይችለው፣ ከቤት የምትወጣውም እሑድ እሑድ በዚህችው መኪና ብቻ መሆኑን ነው። እርግጥ ነው፣ ለዚህ የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም።

አቤቱታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር ስለሚወዱ።

፩. ስለ መርፌዋ። ከፍጥነት መለኪያው በስተግራ የቱርቦውን ግፊት የምታሳይ ትንሽ መርፌ አለች። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ጉልበት የሚሽከረከር፣ ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚያጎርስ ነገር ነው፤ ብዙ አየር የጎረሰ ሞተር ደግሞ ብዙ ቤንዚን ይጠይቃል። ካልቀሰቀሱት ይተኛል። ወንድሜ ኦታቪዮ ሲያስተኛው አላየሁም። እሱ በልብ ሕመም ከሞተ ወዲህ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እኔ አንድ ቀን አልቀሰቀስኩትም። ሕፃን በተኛበት ክፍል እንደሚያልፍ ሰው ነው የምነዳው። ማርሹን ቶሎ እቀይራለሁ፤ ከመታጠፊያው ብዙ ቀድሜ እግሬን አነሣለሁ፤ ቁልቁለቱን ቁልቁለቱ ራሱ ይነዳልኛል። በመቶ ኪሎ ሜትር አሥር ሊትር፤ ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ከዚያም በታች። ይህን ዓይነት መኪና እንዲህ መንዳት ስድብ ነው የሚሉኝ አሉ። እናቴ አንዷ ናት። እሑድ እሑድ መሐረቧን አገጯ ሥር አጥብቃ ታስርና፣ «ፋውስቶ፣ እየሄድን ነው ወይስ ቀብር እየሸኘን ነው? ወንድምህ ቢሆን ይሄኔ ደርሰን ተመልሰን ነበር» ትለኛለች። መርፌዋን አያለሁ። ዜሮ ላይ ናት። እኔም እዚያው ነኝ።

፪. ስለ ፈተናው። ሲኞራ ናዛሬና በማደያዋ ታንኩን ሞላችልን፤ የቧንቧው እጀታ ቀጭ ሲል አቆመች። ክቡርነትዎ የመጻፊያ ሰሌዳዎን ጭንዎ ላይ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ጉዞ ጀመርን። እስከ ትልልቆቹ ዛፎች ድረስ ያለ ነቀፋ ነዳሁ። ሁለት ጊዜ ሲያዛጉ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ እንደ ምስጋና ነበር የቆጠርኩት። ከዚያ ግን እንዲህ ተባባልን፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ።

«መምህር፣ ይሄ ቱርቦ የሚሉት ነገር ተበላሽቷል እንዴ?»

«ኧረ ደኅና ነው፣ ኢንጂነር።»

«ታዲያ የታለ? ምነው አንሰማውም?»

«ቤንዚን ስለሚበላ ነዋ።»

«አይ፣ አንዴ ብቻ ይርገጡት እስቲ። ለሳይንስ ነው።»

እግሬን አየሁት። የአንድ ጡረተኛ እግር፣ ቡናማ ጫማ ያደረገ። የማላውቀው ሰው እግር መሰለኝ። ሹም አዘዘ፤ ዜጋ ረገጠ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም፤ የዚያ ዘመን ቱርቦ ሲጠሩት ቶሎ አይመጣም፣ ትንሽ ያስባል። ይቅርብኝ ልል ነበር። ያን ጊዜ መርፌዋ ተነሣች፣ ከሞተሩ መከለያ ሥር ፉጨት መጣ፣ መንገዱም ወደ እኛ መሮጥ ጀመረ። ክቡርነትዎ «ማዶና! እመቤቴ ድረሽ!» አሉ። ሰሌዳው ወደቀ። ፈርተዋል ብዬ ዞር ብል ይስቃሉ፤ ክራባትዎ ትከሻዎ ላይ ነበር።

«እንደገና!» አሉኝ።

«ኢንጂነር፣ ፈተናው…»

«ፈተናውን ተወው አንተ! ያቺ ዳገት ሳታመልጠን!»

አንቱታው እዚያ መታጠፊያ ላይ እንደቀረ ልብ ብያለሁ፤ ቅር አላለኝም። ሁለተኛውን እዚያችው ዳገት ላይ ረገጥኩ፤ ሦስተኛው ከግንቡ ሥር፣ ከቤታችን በታች ነበር። ያን አላዘዙኝም። ያኛው የኔ ነው፤ የእርስዎን ቤንዚንና የኔን ለይተን ብንቆጥር ደስ ይለኛል።

፫. ሪፖርትዎ፣ «አሽከርካሪው በገዛ ፈቃዱ ነዳጅ በሚያባክን መንገድ ነድቷል» ይላል። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ዓረፍተ ነገሩን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ በየመስመሩ ክራባትዎ ይታየኛል።

፬. ሪፖርቱ ቀጥሎ፣ «ከጩኸቱ የተነሣ የተረበሹ አንዲት አዛውንት በመስኮት ብቅ ብለው ጮኸዋል» ይላል። አዛውንቷ እናቴ ናት። የጮኸችውን አልጻፉትም፤ እኔ ልጻፈው። «ኦታቪዮ! ሾርባው ቀዘቀዘ!» ነው ያለችው። እሱ ከታች ሲመጣ ሁልጊዜ የምትለው ይህንኑ ነበር። ማታ እያሰብኩ ፈራሁ፤ አእምሮዋ ሄደ እንዴ አልኩ። እንዴት እንደምጠይቃት ሳወጣ ሳወርድ ቀደመችኝ። «ምን ታፈጥብኛለህ? መሞቱን አውቃለሁ። አፌ ነው የቀደመኝ» አለች። ከዚያ ሳህኔ ላይ ሾርባ ጨመረችልኝ። «ዛሬ ገና መኪና ነዳህ።»

ክቡር ኢንጂነር፣ ይህ በየትኛው አምድ ይሞላል?

፭. ስንመለስ ሞተሩን ወዲያው እንዳጠፋ አዘዙኝ፤ እኔ ሁለት ደቂቃ ለመንኩ። ቱርቦው እንደ ፍም ግሎ እያለ ሞተሩን ቢያጠፉት ውስጡ ያለው ዘይት ያርራል፤ በዝግታ መብረድ አለበት። ኦታቪዮ ያስተማረኝ ነገር ይህ ብቻ ነው። ሪፖርቱ ግን «ቆሞ ያለ ምክንያት ቤንዚን ማቃጠል» ይለዋል። በነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ክቡርነትዎ መስታወቱን እያዩ፣ «አባቴ እንዲህ ያለ መኪና አልፈቀደልኝም» ብለውኛል። ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ግን ደግሞ ቤንዚን ነው፣ ይቆጠር።

፮. ናዛሬና ዳግም ስትሞላ፣ ሹም ቆሞ ያያታል ብላ፣ መኪናዋን በዳሌዋ እየወዘወዘች «ትንሽ ይይዛል ገና! ትንሽ!» እያለች እስከ አፉ ጠቀጠቀችው። በፊት በቀጭታ፣ በኋላ በውዝወዛ። በመካከሉ ያለውን ሁሉ እኔ ጠጥቼዋለሁ ማለት ነው። ሴትዮዋን አልወቅስም፤ ለእርስዎ ያላትን አክብሮት በሊትር መለካት ከቻልን እሰየው።

አሁን ልመናዬን ላቅርብ። ፈተናው ይደገምልኝ፤ አጠገቤም ዝም ማለት የሚችል ሰው ይቀመጥ። እናቴን ምስክር አድርጌ አላቀርብም። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ገና በሩን ስዘጋላት «ዛሬም ቱርቦው ይነሣ?» ትላለችና፣ አሥር ሊትሩን እሷ ባለችበት ዋስ ሆኜ ልምልበት አልችልም። ፈተናው የማይደገም ከሆነ የእሑድ ፈቃድ ብቻ ይበቃናል። እሱም የማይቻል ከሆነ፣ ክቡርነትዎ እሑድ እሑድ ጠዋት ብቅ ብለው እናቴን በወንበር ተሸክመው ደረጃውን ያውርዱልን። ወንበሩን እኛ እናቀርባለን። ቤንዚን አይፈጅም።

ለወገብዎ ብርታትን፣ ለከተማችን አየር ንጽሕናን፣ ለክራባትዎም የሚይዘው መርፌ ቁልፍ እየተመኘሁ፣ በትእዛዝ የረገጠው፣ ያለ ትእዛዝም አንድ ጊዜ የደገመው ታዛዥ ዜጋዎ ነኝ።

ፋውስቶ ማርኬዛኒ

ማስታወሻ፦ ሁለተኛውን ስረግጥ ዳገቱ ላይ ከአፍንጫዎ የበረረው መነጽር ከኋላ ወንበር ሥር ተገኝቷል፤ የማደያውን ቁጥር ያለ እሱ እንዴት እንዳነበቡት ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም። ቢሮዎ ድረስ ባመጣልዎ ደስታዬ ነበር፤ ግን መኪናዋ ከግንቡ ውስጥ እንዳትገኝ ከልክለዋል። ከቅዱስ ማርቲኖ በኋላ ሜዳው ድረስ ወርደው ይውሰዱት። እናቴ የፊቱን ወንበር አልለቅም ብላለችና፣ ክቡርነትዎ ከኋላ ይሆናሉ።