ቁጥር ያልተሰጠው መንገድ

ግራና፣ ጥር 2014 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። ሕመሙ እንዴት ይዞሃል? ሆስፒታሉ ውስጥ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እማዬ ከሽሽቱ ወዲህ ጉልበቷ ቢደክምም ምላሷ እንዳለ ነው።

አሁን የምሥራቹን ልንገርህ፤ ወንዝ ዳር ያለውን ጎባጣውን ድንጋይ ወጣሁት! አስጎብኚ ሳለህ ድንጋይ መውጣት ከፈረንጆቹ ተምረህ መጥተህ፣ መጀመሪያ ወጥተኸው የክብደቱን ደረጃ "አራት" ያልከውን። ካንተ በኋላ ማንም አልወጣውም ነበር። ጦርነቱ ትምህርት ቤቱን ሲዘጋው እኔ ተኩሱ ጋብ ባለ ቁጥር ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ታጥቄ ስታገለው ከረምኩ። አባባ ልጃችን ከዝንጀሮ ተዛመደች እያሉ ሲያሾፉብኝ ነበር፤ የወጣሁ ቀን ግን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው አሳዩ።

የመርሳው ባለባጃጅ ዓሪፍ ይህን ሰምቶ ቀና መሰለኝ፣ መጣና ከሥሩ ድንጋይ ደራርቦ ቆሞ ወጣ። ከዚያማ ይሄ ሁለትም አይሞላ ብሎ ደነፋ። ዝም አላልኩትም። ዜሮ ለጀማሪ ነው፣ ከዚያ ወደ ላይ እየከበደ ይሄዳል፤ ቁጥሩ የድንጋዩን ቁመት ወይም የሰውን ፍርሃት ሳይሆን ከሁሉ የሚከብደውን እንቅስቃሴ ነው የሚለካው፤ አንተ ዓሪፍ ደግሞ ድንጋይ ደርድረህ እሱኑ ነው ያለፍከው አልኩት። ወንድሜ፣ መጀመሪያ የወጣ ቁጥር ይሰጣል፣ ተከትለው የወጡ ያጸኑታል ወይም ያወርዱታል ብለህ አልነበር? እንግዲህ አጽንቼዋለሁ። ዓሪፍ ቢፈነዳም አራት ነው።

ወደ ተናደድኩበት ነገር ልምጣ። አብሮህ ግንባር የነበረው ረዲ መጥቶ ነበር። የድንጋይ መውጫ ጫማህን ለሰው ስጡልኝ ብለህ ልከህበታል። ለምን ብለን አጥብቀን ስንይዘው ግራ እጅህን እንዳጣህ ነገረን። እማዬ አለቀሰች፤ እኔም አልቅሻለሁ፣ አልዋሽህም። እኛን መደበቅህ ግን አንጀቴን አሳረረው። ጫማውን ለማንም አልሰጠሁም። ጫማ የሚደረገው በእግር ነው፤ እግርህ ደግሞ ደኅና ነው ብሎናል።

ያው አንድ ድንጋይ መሬት ተቀምጠው መውጣት ሲጀምሩት ሌላ፣ ቆመው ሲጀምሩት ሌላ ቁጥር እንዳለው ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አወጣጡ ከተለወጠ እንደ አዲስ መንገድ ይቆጠራል ብለኸኛል። ስለዚህ ትናንት ግራ እጄን ከወገቤ ጋር በሻሽ አስሬ ዘመም ባለው ጎኑ ሞከርኩት። ወደቅሁ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ደግሜ ወደቅሁ። ዓሪፍም እጁን አሳስሮ ሞከረው፣ እሱም አልሆነለትም፤ ዛሬ እያነከሰ ነው።

በአንድ እጅ የወጣው ሰው እስካሁን የለም፤ ስለዚህ ቁጥርም የለውም። እኛ ላልወጣነው ድንጋይ ቁጥር አንሰጥም። መጥተህ አንተ ስጠው።

አሏህ ዓፊያህን ይመልስልህ፣ በሰላም ለደጃችን ያብቃህ። አሚን።

ካንተ ቀጥላ የወጣችው
ታናሽ እህትህ