የፍራሹ ድምፅ

ይድረስ ለእህቴ፣

እትዬ፣ ጤናሽ እንዴት ሰነበተ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ማተሚያ ቤቱ አሁንም የሰው ስህተት እያረምኩ እንድኖር ፈቅዶልኛል። አባባም ደህና ናቸው። ማለቴ፣ ይተነፍሳሉ።

ስለ እማዬ በስልክ «ደክሟት ዐረፈች» ያልኩሽ፣ ለሩቅ ሰው የሚበቃ ዐረፍተ ነገር ስለሆነ ነው። ሙሉውን አሁን ልጻፍልሽ።

አባባ ከቴክኒሻንነት ሥራቸው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያንን አማተር ሬዲዮ እንዴት ሙጥኝ እንዳሉት ታውቂያለሽ። በአየር ሞገድ ባሕር ማዶ ካለ አንድ ጡረተኛ የመርከብ ካፒቴን ጋር በየምሽቱ ያወራሉ። ስለ ምን? ስለ አንቴና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጉልበት ሕመም። ከእማዬ ጋር በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ያላወሩትን። በዚህ የተነሳ የቤቱ ዕቃ በሙሉ ጠላታቸው ሆነ። ሬዲዮው ውስጥ ማቀዝቀዣው ይንጣጣል፣ የጁስ መፍጫው ያጓራል፣ የእኔ ቻርጀር እንደ ትንኝ ይጮኻል፤ ሁሉንም በድምፁ ይለዩታል። እኔን ግን በስልክ እስካሁን ከባልሽ ጋር ያምታቱኛል።

እማዬ አልጋ ስትይዝ ነርሷ በኤሌክትሪክ የሚነፋ ፍራሽ አስገዛችን። ትንሿ ፓምፕ አልጋው ስር ሆና ቀን ከሌት አየር ትሞላለች፣ ገላዋ እንዳይቆስል። ነርሷ አባባን ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ «ይቺ ጠፋች ማለት እማማ ጣውላ ላይ ተኙ ማለት ነው» ብላ አስጠንቅቃ ነበር።

ወዲያው ሬዲዮው ላይ አዲስ ጩኸት መጣ። አባባ እንደ ደንባቸው ሬዲዮውን በመኪና ባትሪ አስነሱ፤ የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጠፉ፤ ጩኸቱ ጠፋ። መልሰው አበሩና ዕቃውን አንድ በአንድ እየነቀሉ ሄዱ። አልጋው ስር ሲደርሱ ጸጥ። «አገኘኋት!» ብለው ሲያጨበጭቡ እማዬም አብራቸው ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ እኔ ለማታ ፈረቃ ሥራ ስገባ ይነቅሏት ጀመር። ስመለስ ፍራሹን ሙሽሽ ብሎ አገኘዋለሁ። ሳልጠይቅ እማዬ ቀድማ፣ «እኔ ነኝ አጥፋልኝ ያልኩት፤ ጆሮዬን በላችው» ትላለች። አባባን ስቆጣ፣ «አንተ ደግሞ! ለአንዲት ወሬ ያህል ነው፤ ምን ትሆናለች?» አሉኝ። ሶኬቱን በፕላስተር አሸግኩት። በጥንቃቄ ልጠው፣ ጨዋታቸውን ጨርሰው፣ መልሰው ይለጥፉታል፤ የቴክኒሻን እጅ ነዋ። አንዳንዴ ግን መልሶ መሰካቱን ይረሱታል። ጎኗ ቆሰለ፤ ቁስሉ አመረቀዘ። የቀረውን በስልክ ነግሬሻለሁ።

ከቀብር በተመለስን ማግስት ሬዲዮውን ከፈቱ። ለካፒቴኑ «ባለቤቴ ዐረፈች» አሉት፤ እሱም አጽናናቸው። ከዚያ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ዛሬ ግን ድምፅህ እንዴት ጠርቷል! አጠገቤ የተቀመጥክ ነው የምትመስለው።» በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አላዩኝም።

ፍራሹን «ከዓይኔ አርቅልኝ» ብለውኝ ነበር። አራቅኩት። ከግድግዳው ወዲያ ላለችው ልብስ ሰፊ ከነፓምፗ ሰጠኋት፤ አማቷ አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል። «ለአፍታም እንዳታጠፊው» ብዬ የነርሷን ቃል እንዳለ አስተላለፍኩላት። ሴትየዋ መረቀችኝ። ደግ ሥራ ነው፣ አይደል?

አባባ ድምፁን ሬዲዮው ላይ ወዲያው ለዩት። መብራቱን ከቆጣሪው አጠፉ፤ ጩኸቱ አልቆመም። እንደገና አጠፉ። ተንበርክከው ባዶውን አልጋ ስር ዳበሱ። «አንተ፣ ይሰማሃል?» አሉኝ። «ምኑ?» አልኳቸው።

አሁን ካፒቴኑን መጥራት ትተዋል። ጩኸቱን ከፍ ያደርጉና ማይክሮፎኑን ይዘው፣ «እሺ በቃ፣ መልሼ እሰካዋለሁ፤ ይቅር በይኝ» ይላሉ። ከዚያ መልስ ይጠብቃሉ። እህል አይቀምሱም፤ ቀበቷቸው ወገባቸው ላይ መቆም አቅቶታል። ትናንት እጄን ይዘው፣ «እህትህን ጥራልኝ፤ እናትሽ አንቺን እሺ ትልሻለች» አሉኝ። እኔን ከአንቺ ጋር አምታቱኝ መሰለኝ፤ ግን አላረምኳቸውም።

ይኸው ጠራሁሽ። ስትመጪ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ነገር አብረን እንነግራቸዋለን። ብቻ አትቸኩይ፤ መጀመሪያ የልጆቹ ፈተና ይለቅ።

ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ፤ ልጆችሽ ሲጠሩሽ የሚሰማ ጆሮ አይንሳሽ።

የእናትሽ ልጅ