ስለ ወገባችን

ውድ ጋሼ፣

ስልክ እንደማያነሱ ልጅዎ ነገረችኝ። «ለማንም አያነሳም፣ ለአንተ ብቻ አይደለም፣ እንዳትቀየመው» አለችኝ። አልተቀየምኩም። ደብዳቤ ግን አይጮህም፤ ሲያሰኝዎ ያነቡታል፣ ካላሰኘዎ ትራስ ሥር ይከቱታል ብዬ ነው የምጽፍልዎ።

ስለ እኔ ከጠየቁ፣ እግሬ ላይ የሚወርደው ሕመም ቀንሷል እንጂ አልተወኝም። ጠዋት ካልሲ ሳደርግ ከመቀመጫዬ ተነስቶ እስከ እግሬ አውራ ጣት እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። ሐኪሙ ነርቩ ተጭኖ የቆየበት ጊዜ ስለረዘመ ጣቴ ላይ ያለው መደንዘዝ ላይመለስ ይችላል ብሎኛል። ሴራሚክ ማንጠፍ ትቻለሁ። አሁን እዚያው አሠሪዬ ሱቅ ቆሜ እሸጣለሁ። የሰው ቤት ስገባ ዓይኔ ወለሉ ላይ ነው፤ ጠማማ ሴራሚክ ሳይ አሁንም እጄን ይበላኛል።

የተዋወቅን ቀን መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅዎን ነበር። እኔ ፊዚዮቴራፒ ክፍል በሆዴ ተኝቼ አቃስታለሁ። እርስዎ ከመጋረጃው ወዲያ፣ «ይሄ ሰውዬ ስንት ዓመቱ ነው?» ብለው ጠየቁ። ባለሙያዋ «ገና ሠላሳም አልሞላው» ስትልዎ፣ «እንግዲያው ቦታ ቀይሩን፣ ሽማግሌው እሱ ነው!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቁ ራሱ ወገቤን ወጋኝ።

የሁለታችን ሕመም አንድ ይመስለኝ ነበር። የእኔ የአከርካሪ ዲስክ ሾልኮ ነርቭ ላይ እንደተኛ፣ የእርስዎ ግን ዕድሜውም ማተሚያ ቤት የተሸከሙት ወረቀትም ተደማምሮ የነርቮቹን መተላለፊያ እንዳጠበበው ያስረዳችን ያቺው ባለሙያ ናት። እኔን ጎንበስ ስል ያመኛል፣ እርስዎን ቀና ሲሉ። «ታዲያ ሁለታችንን አንድ ላይ ቢሰፉን አንድ ጤነኛ ሰው አይወጣንም?» አሏት።

ባለቤትዎን፣ እትዬን፣ ያየኋቸው ስንወጣ ነው። ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን ይዟቸው በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው በር ላይ ይጠብቁዎ ነበር። ወገቡን የታመመ ሰው ሚስቱን እየገፋ ሲሄድ ማየት አንጀቴን በላውና «ጋሼ፣ እኔ ልግፋልዎ» ብዬ እጀታውን ያዝኩ። «ተው!» አሉኝ በቁጣ። ወዲያው ደግሞ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «ባዶ እጄን እስከ መንገዱ አልደርስም፣ እግሬ ይከዳኛል። ይሄን ጎንበስ ብዬ ስደገፍ ግን ገበያ ድረስ እሄዳለሁ። ሰው የምገፋት ይመስለዋል» አሉኝ። እትዬ በተያዘ አንደበታቸው ቀስ ብለው «እኔ ነኝ... የምወስደው» አሉ። ሁለታችሁም ሳቃችሁ።

ለነርቭ የታዘዘልን መድኃኒትም አንድ ነበር። እኔን አስተኛኝ። እርስዎን አዙሮ መታጠቢያ ቤት ጣለዎት። መጠኑን ቢቀንሱልዎም ከነጭራሹ ተዉት። ለምን ብዬ ስጠይቅዎ፣ «እንቅልፉ ከባድ ነው። ሌሊት እሷ ስትጠራኝ ካልሰማሁስ?» አሉኝ። ቀዶ ጥገናውንም ሐኪሙ «በዕድሜዎ ስጋት አለው፣ ግን ይሞከራል» ሲልዎ፣ «እኔ ተኝቼ እሷን ማን ያገላብጣታል?» ብለው ቀጠሮውን አሳለፉት።

ከዚያ እትዬ አረፉ።

ለቅሶው ሲበተን ቤት የቀረነው እርስዎ፣ ልጅዎና እኔ ነበርን። ወንበሩ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ልጅዎ «አባዬ፣ እሱን ይዘህ ትንሽ ወጣ በል፣ እግርህ ይፍታታ» አለችዎ። ወንበሩን ሳያዩ «ባዶውን?» አሉ። እሷ ፊቷን አዞረች። በማግስቱ ወንበሩን ለሆስፒታሉ ሰጠችው፤ እርስዎንም ወደምትኖርበት ከተማ ወሰደችዎ።

ልጅዎ እንደምትለኝ አሁን ከአልጋ አይወርዱም። እግርዎ እየከሳ ነው አለችኝ። የዚያ ከተማ ሐኪምም ቶሎ ካልተንቀሳቀሱ ቀዶ ጥገናውም እንደማይረዳዎ ነግሯታል። «ተነስ እንጂ» ስትልዎ «ለማን ብዬ?» ይሏታል።

ጋሼ፣ መልሱን ባውቅ ኖሮ ለራሴም በነገርኩት። ሕመሙ በበረታብኝ ሰሞን ግድግዳ እያየሁ ያንኑ ጥያቄ ስጠይቅ እውል ነበር፤ ሚስቴ ወጥ ቤት ሆና ልጃችንን ታጫውታለች፣ እኔ ድምፃቸውን እየሰማሁ «ለማን ብዬ?» እላለሁ። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። ለሰው ስናገረው ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። የሕክምናችን ቀን ሲደርስ ከአልጋ ያስነሳኝ የነበረው መዳን አልነበረም፤ ከመጋረጃው ወዲያ እርስዎ ሲያቃስቱ ልሰማ ብዬ ነበር የምነሳው። በሰው ስቃይ ተጽናና ብለው አይፍረዱብኝ። እኔ ሳቃስት ከወዲያ ማዶ የሚመልስልኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነበሩ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ለልጅዎ ነግሬያታለሁ። አውቶቡስ ላይ ብዙ መቀመጥ ስለማይሆንልኝ የመንገዱን ግማሽ ቆሜ ነው የምመጣው፤ ተጣምሜ ብገባ እንዳይደነግጡ። ስለ ቀዶ ጥገናው ልነዘንዝዎ አይደለም፤ እሱን ከሐኪሙ ጋር ይጨርሱ። ከአልጋዎ እስከ መስኮቱ ድረስ ግን ትከሻዬን ይዘው ቢሞክሩ ደስ ይለኛል። ሲደክምዎ እንቆማለን፣ እኔም ይደክመኛልና።

አልችልም ካሉም አላስገድድዎትም። አጠገብዎ ወለሉ ላይ ጋደም እላለሁ፤ ለእኔ ወገብ ወለል ይሻለዋል። ዝም ብለን ጣሪያውን እያየን እንውላለን።

ብቻ እስከ ቅዳሜ አይጥፉብኝ።

አክባሪዎ፣
የመጋረጃ ጎረቤትዎ