የላሚስ ጠመኔ እና የእኔ እርግቦች

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 8

የሳምንቱ ትምህርት እሑድ ነው የሚጀምረው፣ መምህራኑ ግን ዛሬ ሥራ አቆሙ። ደሞዝ ካልተጨመረልን ክፍል አንገባም ብለዋል። እውነታቸውን ነው። ግን ጥያቄያቸው እስኪመለስ የእህቴ ልጆች እኔ ጋ ናቸው... እኔን የጠየቀኝ የለም።

እህቴ ኢንሷፍ ጠዋት የነርስ ጋዋኗን እንደለበሰች እርግቦቼን የማረባበት ጠፍጣፋ ጣሪያ ድረስ ወጣች። ላሚስ በቀኝ፣ ቀይስ በግራ።

«ዋጂህ፣ ዳቦ ቤት የምትገባው ማታ ነው አይደል?»

«ቀን እኮ እተኛለሁ።»

«ቀን ለእርግብ ስታፏጭ ነው የምትውለው። ስልክ እንዳትሰጣቸው! ታብሌቱን ቆልፌበታለሁ፣ የቀይስ ዓይን ደም መስሏል።»

ሄደች። ልጆቹ አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ላሚስ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ቀይስ ስድስት። ከዚህ በላይ ስለ እነሱ የማውቀው የለም።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ኢንሷፍ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ልጆችን ያለ ስክሪን የማስተማሪያ ዘዴ፣ የሥራ ባልደረባዋ የጻፈችላት። ማካሮኒ ቀለም ቀብቶ የአንገት ሐብል መሥራት ይላል። ማካሮኒውን ቀቅለን በላነው። ቀጥሎ ደግሞ ስለ ስሜታችሁ ተወያዩ ይላል። ቀይስን ምን ይሰማሃል አልኩት።

«ራበኝ።»

አሁን በልቶ! ወረቀቱን የእርግቦቹ ጎጆ ውስጥ አነጠፍኩት።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12

የራሴን ዘዴ አመጣሁ። የእርግቦቹን ስንዴ፣ ምስርና በቆሎ አንድ ላይ ደባልቄ ለዩልኝ አልኳቸው። እስከ ቀትር ድምፅ የለም። ተኛሁ።

ላሚስ ቀሰቀሰችኝ። «አጎቴ፣ ሆን ብለህ ነው እንዴ የደባለቅከው?»

«ነፋስ ነው።»

«ነፋስ ከሦስት ጆንያ?»

ይቺ ልጅ እናቷን ነው የወጣችው። ቀይስ ከአሥር በላይ መቁጠር እንደማይችል ዛሬ አወቅሁ። የእርግቦቹን እግር አስቆጠርኩት። ከእኔ ጋር እየቆጠረ ሠላሳ ሲደርስ አንዷ ብድግ ትላለች፣ እንደገና ከአንድ። አልሰለቸውም። የሰለቸኝ እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 15

የእርግብ እንቁላል አሳየኋቸው። ጨለማ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ብቻ ስለሆነ ሦስታችንም ገባን። እንቁላሉን ባትሪ ላይ አስደገፍኩ። ውስጡ ቀይ ክር፣ መሃሉ ላይ አንዲት ነጥብ።

«ምንድነው የሚንቀሳቀሰው?» አለ ቀይስ።

«ልቡ ነው።»

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ይሄን ጊዜ ኢንሷፍ በሩን ከፈተች።

«ቁም ሳጥን ውስጥ ምን ትሠራላችሁ?»

«እየተማርን ነው» አልኩ። አላመነችም።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 18

የኢንሷፍ ባል ሱፍያን ከኩዌት ደወለ። ወሩ ሲያልቅ ይመጣል። ጣሪያው ላይ ለልጆቹ አንድ ክፍል ሊሠራ አስቧል። የት? ፌሮዎቹ የቆሙበት ጋ። እዚያ ምን አለ? የእርግብ ቤቴ አለ። አራት ሜትር በሦስት ተኩል ከወጣ ይሠራል፣ ካልወጣ ይቀራል።

እኔ እለካዋለሁ አልኩ። ኢንሷፍ ሳቀች።

«አንተማ ተው። የእርግብ አርቢ ምስክርነት ዳኛ ፊት እንኳ አይቆጠርም። ልጆቹ ይለኩት፣ ትምህርትም ይሆናቸዋል።»

እኛ ሰፈር፣ አሽረፊያ ውስጥ፣ እርግብ አርቢ ማለት የሰው እርግብ ጣሪያው ላይ ሲያርፍ «የእኔ ነው» ብሎ የሚምል ሰው ነው። ውሸታሞች ናችሁ ይሉናል። ሁልጊዜ አይደለም እኮ።

ሃያ ዓመት አረባኋቸው። እነሱ ከሄዱ እኔ ምን ቀረኝ?

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 20

ገመድ ቆረጥኩ። በየሜትሩ ቋጠሮ... በየሜትሩ አይደለም። በየቋጠሮው አንድ ስንዝር ጨመርኩበት።

«ድሮ ሰው የሚለካው በገመድ ነበር» አልኳቸው። ቀይስ ጫፉን ያዘ፣ ላሚስ ቋጠሮ ቆጠረች። ከሁለቱም በኩል አጠረ።

«አይበቃም» አለች።

«አይ... ያሳዝናል» አልኩ። እራቴን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 22

ላሚስ ማስመሪያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ መጣች።

«አጎቴ፣ ገመድህ ተሳስቷል።»

ገመድህ አለች፣ አንተ አላለችም። ማስመሪያውን እያዟዟረች የመጀመሪያውን ቋጠሮ ለካች። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ሁሉንም።

«ሁሉም እኩል ነው የተሳሳተው። እንዴት ሁሉም እኩል ይሳሳታል?»

«ገመድ ይለጠጣል» አልኩ።

ሳበችው። አልተለጠጠም። ቀና ብላ አየችኝ። ምናለ በጮኸች? ተቀምጣ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ፈታች፣ እንደገና በማስመሪያዋ እየለካች ቋጠረቻቸው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል። እኔ በገዛ ገመዴ ነው የወደቅሁት። አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 24

በላሚስ ገመድ ስንለካው ይበቃል። እንዲያውም ደረጃው አጠገብ ትንሽ ይተርፋል።

ላሚስ ክፍሉን በጠመኔ ወለሉ ላይ ሣለችው። መስመሩ የእርግብ ቤቱ ግድግዳ ጋ ሲደርስ ቆመና በወዲያ በኩል ቀጠለ። ቀይስ ጠመኔውን ተቀብሎ አልጋ ሣለ። ከዚያ የሣለው አልጋ ላይ ተጋደመ፣ በጀርባው፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

«ምን ሆንክ?»

«እዚህ እግሬ ማንንም አይነካም።»

እናቱና እህቱ መሃል ነው የሚተኛው። ከተወለደ ጀምሮ። ከእኔ አንድ ፎቅ ታች... አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

«እርግቦቹስ የት ይተኛሉ?» አለኝ ዓይኑን ሳይከፍት።

ልቤ ተሰበረ። ለእርግቦቹ ይሁን ለእሱ አላወቅሁም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 26

እንቁላሉ ተፈለፈለ። ቀይስ «አስቀያሚ ነው» አለ፣ ቀኑን ሙሉ ግን ከአጠገቡ አልተነሳም። ከሰዓት የእርግብ ቤቱን በር ከማጠፊያው ነቀልኩ። ማንም አላዘዘኝም።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 27

ጫጩቱን ከነወላጆቹ ፊት ለፊት ላለው ጎረቤት ሰጠሁ፣ ቀይስ ከመስኮት ያየዋል። የቀሩትን ዓርብ ገበያ ወሰድኳቸው። አቡ ራጂ የሚባል፣ ከማርካ ሰፈር የመጣ ሰው ሁሉንም ገዛ።

«ወደ ቤትህ ይመለሳሉ?»

«ክንፋቸውን ለጥቂት ሳምንት ካላሰርክ ይመለሳሉ።»

ትክ ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ሳቀ። «አንተ ብልጥ! ይመለሳሉ ካልክማ አይመለሱም ማለት ነው።» ሳያስራቸው ሄደ። በሕይወቴ ገበያ ላይ እውነት ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፣ የሰማኝም የለም።

ባዶ ጆንያ ይዤ ወጣሁ። አለቀስኩ። ዳቦ ቤት ዓይንህ ምን ሆነ አሉኝ። ዱቄት ነው አልኩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 1

ሱፍያን መጣ። በብረት ሜትር የላሚስን መስመር ለካ። ደግሞ ለካ።

«ማን ነው የለካው?»

«እኔ» አለች ላሚስ።

ሱፍያን ወደ እኔ ዞረ። «እሱስ?»

«አጎቴ ገመዱን ሰጠኝ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። እንዲህ ያለ ምስክር እኔ ነበረኝ እንዴ?

ከሰዓት በኋላ ደግሞ አቡ ራጂ እየጮኸ ደረጃውን ወጣ። «አታላይ! ሸጠህ ታስመልሳለህ? አራት እርግብ አምልጠውኛል!» ማምለጣቸውን እኔም አይቻለሁ። ቤታቸውን አጥተው ፌሮው ላይ ተደርድረዋል። እሱ ቆጠራ ላይ እንደ ድሮው ቀይስ ነው። አራት ብሎኛል፣ አራት ብሰጠው አመስግኖኝ ይሄዳል። የቀሩት ደግሞ ምርጦቹ ናቸው...

«ሰባት ናቸው» አልኩ።

ጩኸቱን አቆመ። «ምን አልክ?»

«ሰባት። ጠብቅ፣ ይዤ ልስጥህ። አሁን ግን ክንፋቸውን እሰር።»

እሱ ከእርግቦቹ ይልቅ እኔን እያየ ነው የወረደው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 6

መምህራኑ ተመለሱ። ልጆቹ ጠዋት ቦርሳቸውን ተሸክመው ሮጡ፣ ቻው እንኳ ያለኝ የለም። ቀይስ ደረጃውን ጮክ ብሎ እየቆጠረ ነው የወረደው። ሁሉንም ቆጠረው።

ግንበኛው ብሎኬት መደርደር ጀምሯል። ደረጃው አጠገብ ሲደርስ ጠራኝ። በተረፈችው ቦታ ላይ በጠመኔ የተሣለ ጠባብ አራት ማዕዘን አለ። ውስጡ «አጎቴ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ይሄ ምንድነው? ልገንባበት?»

ሱፍያን ከታች ጮኸ። «እሱን አትንካው! ልጅቷ ለዋጂህ ወንበር ነው ብላለች። ብለምናት ብለምናት እምቢ አለች።»

ወንበር አምጥቼ አስቀመጥኩ። ልክ ነው። ጉልበቴ ግድግዳውን ይነካዋል፣ ግን ልክ ነው። ደስ አለኝ... በጣም።

ከሌሊት ሥራ ስለመጣሁ መተኛት ነበረብኝ። ልጆቹ የሚለቀቁት ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ከዚህ ወንበር ላይ መንገዱ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ይታያል። ገና አራት ሰዓት ነው። ተቀምጫለሁ።