አባባ ብቻውን የሚሄድበት ቤት

ማርች 1፣ እሑድ

ከቸርች ስንመለስ ቀለም ልናይ ገባን። ልናይ ብቻ። ሰርፀ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ "ይሄም ነጭ ነው፣ ያም ነጭ ነው፣ ምኑን ነው የምትመርጪው?" ይላል። ባለቤቴ እንዲህ ነው። ለሱ ቤት ማለት ጣራ፣ ግድግዳና ቲቪ ነው።

እኔ ነጭ አልነበረም የፈለግኩት። ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ አባቴ ለሚያርፍበት ለታችኛው ክፍል የበር መቃን። የአባባን ዓይን ግላኮማው ጨርሶታል፤ የቀረችው ጥላና ብርሃን የምትለይ ጭላንጭል ናት። ነጭ ግድግዳ ላይ ያለ ነጭ በር ለሱ በር አይደለም። መቃኑ ከጠቆረ ግን የት ጋ እንደሚገባ ያውቃል። ዩቲዩብ ላይ ነው ያየሁት።

የአሜሪካ ቪዛው ከወጣ ቆየ። ትኬቱን ስናራዝም ስናራዝም... ሳሉ አልለቀው ብሎ። "ትንሽ ይሻለውና" ይላል ታናሽ ወንድሜ ህዝቅያስ፣ አዲስ አበባ አብሮት ያለው። ይሻለውና... ይሻለውና... ቪዛውም እኮ ቀን አለው። እኔ እንጃ። የሚመጣ አይመስለኝም። ብቻ መቃኑን እቀባለሁ።

ማርች 4፣ ረቡዕ

ምንጣፎቹን ሁሉ አነሳሁ። ለሚያይ ሰው ጌጥ፣ ለማያይ ሰው መሰናከያ። ቤቱ ራቁቱን ቀረ። አስጠላኝ።

ማርች 7፣ ቅዳሜ

መቃኑን ቀባሁ። የደረጃው ጠርዝ ላይ ቢጫ ቴፕ ለጠፍኩ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የእጅ መያዣ ብረት አስገጠምኩ። ያብስራ ከፎቅ ወርዳ አየችና "ማም፣ ኢት ሉክስ ላይክ ኤ ሆስፒታል" አለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ሁሉንም ትሰማለች፣ አፏን ግን በአማርኛ አትከፍትም። ደግሞ እውነቷን ነው። ካምቤል ከተማ የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ልክ እንዲህ ነው። ቀኑን እዛ ውዬ ስመጣ ያው እዛው ነኝ። ቆንጆ ቤት የሚባለው ነገር የቤት ፎቶ የምሰበስብበት ፒንተረስት ላይ ቀረ።

ከሰዓት በጓሮው ምክንያት ተጣላን። ሐሳቤ ቀላል ነው። ሣሩ ይነሳ። ከኋላ በር እስከ ሎሚው ዛፍ ቀጥ ያለ መንገድ ይውጣ፣ ግራና ቀኙ ጠጠር ይሁን፤ ከመንገዱ ከወጣ እግሩ ጠጠሩን ይሰማዋል። በአንድ በኩል እጁ የሚይዘው እንጨት። ዳር ዳሩን የሚሸት ተክል... የጥብስ ቅጠል፣ በሶብላ፣ ላቬንደር። የት እንደደረሰ አፍንጫው ይነግረዋል። ሎሚው ሥር አግዳሚ ወንበር። በቃ።

"ሣሬን አትነኪም! ገና ላልመጣ ሰው ግቢ ይቆፈራል?"

"ከመጣ በኋላማ ወድቆ ተሰብሮ ነው የሚቆፈረው" አልኩት።

"አንቺ ራስሽ አይመጣም እያልሽ አይደል? ታዲያ ለማን ነው?"

በሩን በላዩ ላይ ዘግቼ ገባሁ።

ማርች 8፣ እሑድ

ጓደኛዬ ሐኒ ጎትታ ኩፐርቲኖ ኦፕን ሃውስ ወሰደችኝ። ሐሳብ ታገኛለሽ ብላ። የሚሸጠው ቤት ሁሉ ነገሩ ነጭ ነው፤ ወለሉ ነጭ፣ ሶፋው ነጭ፣ ደረጃው መስታወት። አባባ እዚህ ቢገባ በመጀመሪያው ደቂቃ ግንባሩን ይገምስ ነበር። ጓሮው ውስጥ ግን ከድንጋይ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ አለ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። ደስ ይላል። ሐኒ "እንዲህ ያለ አስገቢበት" አለች። አሳቀችኝ። ሣሩን ማንሳት ያልቻለች ሴት ፏፏቴ!

ማርች 10፣ ማክሰኞ

አባባን በስልክ አገኘሁት። ድምፁ ቀጥኗል።

"በሩን ምን ቀባሽው?"

"ጥቁር ሰማያዊ።"

"ለእኔ? ለማላየው?" ሳቀ፣ ሳቁን ሳል ቀደመው። ሳለ... ሳለ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ከዛ ትንፋሹን ሰብስቦ "ስሚ አይናዲስ" አለኝ። "እጄን ይዞ ሽንት ቤት የሚወስደኝ ሰው ካለ አልመጣም። እዚህም እየወሰዱኝ ነው። ለዚህ ለዚህማ አውሮፕላን ምን ያደርግልኛል?"

"ብቻህን ነው የምትሄደው አባባ። ከአልጋህ እስከ ሎሚው ዛፍ። ማንም አይነካህም።"

"እውነት?"

"እውነት።"

"እንግዲያው እመጣለሁ" አለ።

ነገሩ ይሄ ነው። ቤት ማሳመር አይደለም። አባቴ ማንም ሳይመራው እንዲራመድ ነው። ይሄንን ለሰርፀ እንዴት አድርጌ ላስረዳው? ስነግረው "አባባ እኮ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ብንይዛቸው ምን አለበት?" ይለኛል። አልገባውም። አይገባውምም።

ማርች 11፣ ረቡዕ

ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ፣ በላዩ ነጭ ሳህን። ሳህኑ የት እንዳለ እንዲለይ። ያብስራ "ኢትስ ካይንዳ ናይስ" አለች። በዚህ ቤት ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያው ምስጋና ነው።

ማርች 13፣ ዓርብ

ህዝቅያስ ስልክ አያነሳም። ማታ ቴክስት ላከ። "ለቼክአፕ ሐኪም ቤት ነን፣ አታስቢ።" አታስቢ ሲሉኝ ነው እኮ የማስበው። ቪዲዮ ኮል አድርግልኝ አልኩት። ኔትወርክ የለም አለ።

የኋላ በር ላይ ቆሜ ጓሮውን አየሁት። ምንም ሐሳብ አልመጣልኝም። ሣር ነው። ሣር ሆኖ ይቀራል።

ማርች 16፣ ሰኞ

ሰርፀ ከሥራ በጊዜ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። አለርጂ ነው አለ። ራት ላይ ድንገት "ጓሮውን እንዳልሽው እናድርገው" አለኝ።

"ምኑን?"

"መንገዱን። ነገ እጀምራለሁ።"

ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። ምን ነካው? ጌታ ልቡን አራራው ልበል? "ሣርህስ?" አልኩት። "ሣር ነው እኮ" አለ።

የምሥራቹን ለአባባ ልነግረው ደወልኩ። ህዝቅያስ "ተኝቷል፣ መድኃኒቱ ያስተኛዋል" አለኝ። ድምፁ ታፍኗል። ጉንፋን ያዘህ? አዎ አለ። ዘንድሮ ያልታመመ የለም።

ማርች 17፣ ማክሰኞ

ሰርፀ ሥራ ቀረ። ትኩሳት ይዞት እንኳን ቀርቶ አያውቅም። የልብ ጓደኛው ጉዲና ከኦክላንድ ፒክአፑ ላይ ጠጠር ጭኖ መጣ። ጉዲና በኔ ሳይቀልድ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። ዛሬ ዝም። ሁለቱም ዝም ብለው ይቆፍራሉ። አፈሩ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ውሃ ይዤ ስወጣ ሁለቱም አቀረቀሩ።

"ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?"

"አይ... ደክሞኝ ነው እህቴ" አለ ጉዲና። እህቴ? ሌላ ጊዜ "ኢንጂነሯ" ነበር የሚለኝ።

ማታ ሐኒ አንድ ድስት ሙሉ ምስር ይዛ መጣች። "ትርፍ ሠርቼ ነው።" ሐኒ? ትርፍ? አራት ሰው ጋብዛ ለሦስት ሰው የምታበስል ሴት! ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

ማርች 18፣ ረቡዕ

መንገዱ ሎሚው ጋ ደረሰ። እንጨቱም ተተከለ። ሰርፀ ስንጥር እንዳይወጋ ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ሲያሻው ዋለ። እኔ ሳልነግረው!

በሩ አጠገብ ምን እንደምተክል አባባን ጠይቅልኝ ብዬ ለህዝቅያስ ጻፍኩ፣ ሲነቃ። ቆይቶ መልስ መጣ። "ጤና አዳም ይሁን ብሏል።"

ጤና አዳም! ዩኒየን ሲቲ አንዲት የቸርች እህት ግቢ ውስጥ እንዳለ ሰምቼ ነበር፤ ከሥራ ስወጣ ሄጄ አመጣሁ። በእጄ ተከልኩት። ጣቴ እስካሁን ይሸታል። ልጻፈው እንግዲህ፣ ማንም አያየውም... የሚመጣ መሰለኝ።

ማርች 20፣ ዓርብ

ሰርፀ ሳሎኑን ገለበጠው። ሶፋዎቹን ግድግዳ አስጠጋ፣ ጠረጴዛውን ጋራዥ ከተተ፣ ከቸርች ታጣፊ ወንበሮች አመጣ። "ነገ ንጋት ላይ የቤት ኅብረቱ እኛ ጋ ነው" አለኝ። ተራችን አልነበረም። ቀየሩት አለ። በንጋት ማን ይመጣል? "የጾም ጸሎት ነው።" እሺ።

መሀሉ ክፍት ሆኖ ሳየው ግን ደስ አለኝ። ስለምነው የኖርኩት ይሄንን ነው። አባባ ከክፍሉ ወጥቶ ምንም ሳይነካ መሀል ለመሀል መሄድ ይችላል። ሰዎቹ ሲሄዱ ሶፋዎቹ እዛው ይቅሩ አልኩት። "ይቀራሉ" አለ።

ያብስራ ደግሞ ስልክሽን አፕዴት ላድርግልሽ ብላ ወሰደችው። ሲመለስ ፌስቡኩ የለም። "ኢት ክራሽድ።" ከዛ አቀፈችኝ። ሳልለምናት ካቀፈችኝ ስንት ጊዜዋ ነው? ሰው ሁሉ ደግ ሆነልኝ ሰሞኑን።

ማርች 21፣ ቅዳሜ

አባባ ሞቷል።

ማርች 25፣ ረቡዕ

እጄ ይጽፍ እንደሆነ ልሞክረው።

ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ለጸሎት የመጡ መስሎኝ ሻይ ጥጄ ነበር። ገቡ... ገቡ... አያልቁም። ጉዲና ከነሚስቱ፣ ሐኒ በነጠላ፣ የሥራ ጓደኞቼ ሳይቀሩ። ማንም ዓይኔን አያይም። የቸርቹ ሽማግሌ ጋሽ አክሊሉ "ተቀመጪ ልጄ" አሉኝ። ያኔ ገባኝ። አላስጨረስኳቸውም። "አይሆንም፣ ረቡዕ ዕለት እኮ ጤና አዳም ይሁን ብሏል!" አልኳቸው። ጋሽ አክሊሉ መሬት መሬት አዩ። ከዛ በኋላ የማስታውሰው የራሴን ጩኸት ነው።

የሞተው ሰኞ ነው። ማክሰኞ ቀበሩት። ሰርፀ ጓሮውን ሲቆፍር ለሞተ ሰው ነበር የሚቆፍረው። ህዝቅያስ ያውቃል፣ ጉዲና ያውቃል፣ ሐኒ ታውቃለች፣ ልጄ ታውቃለች። ሱፐርቫይዘሬ እንኳን ታውቃለች፤ ሰርፀ ደውሎ ነግሯት። እኔ ብቻ ችግኝ ታቅፌ እየሳቅኩ እዞራለሁ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት።

ልማዱ ነው። አውቃለሁ። መርዶ ሰው ሳይሰበሰብ አይነገርም፣ ሰው ደግሞ እዚህ አገር ከቅዳሜ በፊት አይሰበሰብም። ለሌላ ሰው ሲሆን ጥሩ ልማድ ነው።

ህዝቅያስ ጋ ደወልኩ። "ጤና አዳሙን ማን ነው ያለው?"

ስለ ቀብሩ ሊነግረኝ ጀመረ።

"ህዝቅያስ!"

"እኔ ነኝ እታለም። ለቀስተኛ መሀል ተቀምጬ ነው የጻፍኩልሽ። ምን ልበልሽ? አንቺ ብትሆኚ ምን ትይኝ ነበር?"

ሌላም ጠየቅኩት። ባልጠይቅ ይሻል ነበር። እስከ መጨረሻው እጁን ይዘውት ነበር ወይ አልኩት፣ ሽንት ቤት ሲሄድ። "አዎ" አለ። "ሁለት ሆነን።"

ሰርፀን ማታ "እያወቅክ ለምን ቆፈርክ?" አልኩት።

"እምቢ እንዳልኩ ልቀር ነበር እንዴ? አባባ ሞተዋል ብዬ ለብቻሽ መንገሩን አልቻልኩም። ሌላ ምን ላድርግልሽ? ቆፈርኩ። ከዛ ደስ አለሽ። ደስ ሲልሽ ማቆም አቃተኝ።" አለቀሰ። አላቀፍኩትም። አሁንም አላቀፍኩትም።

ማርች 30፣ ሰኞ

ወንበሮቹ ተመለሱ። ሰውም ሄደ። የለቀስተኛ ልጆች ሲሮጡበት ጠጠሩን መንገዱ ላይ በትነውታል። ልለቅመው ጎንበስ አልኩና ተውኩት። ማን ይሰናከልበታል?

ፒንተረስት ላይ ያስቀመጥኩትን ሁሉ አጠፋሁ። አጥፋ ሲባል እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እርግጠኛ ነኝ።

ኤፕሪል 5፣ እሑድ

ምንም።

ኤፕሪል 19፣ እሑድ

ታችኛው ክፍል የልብስ ማስጫ ሆኗል። ማንም ይሁን ያለ የለም፣ ሆነ።

ሥራ ጀምሬያለሁ። መጦሪያው ውስጥ ሽማግሌዎቹን እጃቸውን ይዤ ሽንት ቤት እወስዳለሁ። ሥራዬ ነው። አንዳንዶቹ እጄን ይጠሉታል፤ ድሮ አይታወቀኝም ነበር።

ዛሬ ከቸርች ስንመለስ ሰርፀ ሬዲዮውን ቀነሰና ቀስ ብሎ "ኪችኑን እናድሰው?" አለኝ። "የፈለግሽውን ቀለም። ካቢኔቱንም ጭምር ካልሽ።"

ይሄንን ኪችን ቤቱን ከገዛን ጀምሮ ስለምነው ኖሬያለሁ። እምቢ ሲለኝ ኖሯል። ዛሬ ድምፁ ለስላሳ ነበር። ከኋላ የተቀመጠችው ያብስራም ስልኳን አስቀምጣ ታየኛለች።

"ማን ሞተ?" አልኩት።

"ምን?"

"ማን ነው የሞተው ሰርፀ? አሁኑኑ ንገረኝ!"

መኪናውን ዳር አቆመ። "ማንም! ማንም አልሞተም። ኪችን ነው ያልኩሽ፣ ኪችን ብቻ።"

"ማም፣ ኖባዲ ዳይድ። አይ ስዌር" አለች ያብስራ። ከዛ በተሰባበረ አማርኛ ደገመችው። "ማንም አልሞተ።" ይሄ ይባስ አስፈራኝ።

ቤት እንደገባን ህዝቅያስ ጋ ደወልኩ። እዛ እኩለ ሌሊት ነው። ከእንቅልፉ ተነስቶ "ደህና ነን እታለም፣ ሁላችንም ደህና ነን" አለኝ።

እሱንም አላመንኩትም።